ኤሌክትሮን ያሠረው ኮሪያዊ

ባለፈው ክረምት ሲወጣ ወደ ሪራ ሄጄ ነበር። የባሌን ደጋ የማያውቅ አንባቢ ካለ መንገዱን ባጭሩ ልንገረው። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መኪና መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር ከፍ ብሎ ሳነቲ አምባ ላይ ይደርሳል። ጅብራው ብቻውን የቆመበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያደባበት፣ ቀን ፊት የሚጠብስ ፀሐይ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ያለበት ሜዳ ነው። 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። ከዚያ መንገዱ በድንገት ይቆለቆልና ወደ ሐረና ጫካ ይገባል። ሪራ ያለችው በዚህ ቁልቁለት ላይ፣ አስታው አልቆ ቀርከሃው በሚበዛበት አካባቢ ነው። የሄድኩት ለማር አልነበረም (ማሩንም አልጠላሁም)። የሄድኩት ስለ አንድ የድሮ ሞባይል ነው።

የእናቴ ወንድም፣ እኛ ልጆቹ ጋሼ የምንለው፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክብር ዘበኛ ሰው በየጦር ክፍሉ ሲበተን እሱ ወደ ባሌ ተላከ፤ ጎባ ቀረ፤ እዚያው ወለደ፣ እዚያው ተቀበረ። በደርግ ዘመን ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት የሚያኮራ ነገር አልነበረም፤ የተዋጋው ከኮሙኒስቶች ጋር ነዋ! ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣሪያ ሥር ወሸቀው፤ አፉንም አብሮ ለጎመ። ደርግ ከወደቀ በኋላም ዝምታው ልማድ ሆኖበት ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2000 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን፣ ልጁ በሞባይሏ እየቀዳችው ሦስት ማታ ቁጭ ብሎ አወራ። በዓመቱ አረፈ። ልጁ መምህርት ናት፤ ሪራ ተመደበች፣ እዚያው አግብታ ቀረች። ስልኩም ተበላሸና ሣጥን ገባ። እኔ ስለ ቀረጻው የሰማሁት ዘንድሮ ነው።

ከሣጥን ስታወጣው ባትሪው እንደ ዳቦ ተነፍቷል። እንደማይነሳ ወዲያው ገባን። ከባትሪው ሥር ግን ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ነበረች። መንደሩ ውስጥ በሶላር ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ዘፈንም የሚጭን ወጣት አለ ተባለና ወደ እሱ ሄድን። ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ሱቁ ሰው ሞልቶታል፤ ተራ መጠበቅ ግድ ሆነ። ካርዷን መዳፌ ላይ አድርጌ ስለ ዳዎን ካንግ ማሰብ የጀመርኩት በዚያ ጥበቃ ላይ ነው።

በሙያው ዓለም ስሙ የታወቀ ሰው ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ አይነሳም። እኔም የኤሌክትሪክ ሰው አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ካንግን ያገኘሁት ከዓመታት በፊት ስለ ፓተንት ሕግ አንድ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስባዝን፣ ቁጥር 3102230 የሆነ የአሜሪካ ፓተንት ላይ ስሙን አይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ማመልከቻው ገብቶ በ1963 የተሰጠ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመት ስጠቅስ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ካንግ ሜይ 4 ቀን 1931 ሴኡል ተወለደ። ያኔ ኮሪያ የምትባል ነጻ አገር አልነበረችም፤ ከ1910 ጀምሮ የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች። 14 ዓመት ሲሞላው ጃፓን ተሸነፈች፣ አገሩም ለሁለት ተከፈለች። 19 ዓመት ሲሞላው ጦርነቱ ፈነዳ። ሴኡል አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተገላበጠች። እሱ ፊዚክስ የተማረበት የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በጦርነቱ ጊዜ ወደ ፑሳን ተሰድዶ ነበር። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በመርከብ የደረሰውም እዚያው ፑሳን ወደብ ነው፤ በሜይ 1951። እዚያ ምድር ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። ካንግና ጋሼ መንገድ ላይ ተላልፈው ይሆን ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። እኔ ግን ሱቁ በር ላይ ቆሜ አስቤዋለሁ።

እዚህ ላይ ያኔ ኮሪያ ከእኛ በታች ነበረች፣ ዛሬ የት ደረሰች የምትለውን ንጽጽር የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። ሰልችታኛለች፤ አልፋታለሁ።

ጦርነቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1955፣ ካንግ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በአራት ዓመት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ዶክትሬቱን ይዞ በ1959 ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው ቤል ላብስ ሄደ። ቤል ላብስ የስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት ነው። ትራንዚስተር በ1947 የተፈለሰፈው እዚያ ሲሆን ለዚያም ሦስት ሰዎች በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አዲስ ገቢው ኮሪያዊ እንዲሠራ የተመደበው ከአንድ ግብጻዊ ጋር ነበር። መሐመድ አታላ ይባላል፤ ፖርት ሰይድ የተወለደ፣ ካይሮ የተማረ ሰው ነው። (ስለ ዓባይ ስንጨቃጨቅ ግብጽ ከዚህም ሌላ ነገር እንዳፈራች እንረሳለን።)

ችግሩ ይህ ነበር። ትራንዚስተር የቧንቧ መክፈቻ ማለት ነው በሉት፤ ጥቂት ኃይል ትልቁን ፍሰት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲሊከን ከተባለው ቁስ ፊት ላይ የብረት ሳህን ደቅኖ፣ ሳይነካው፣ በኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ፍሰቱን መቆጣጠር ይቻላል የሚል ሐሳብ ለረጅም ዘመን ነበረ። አልሆነም። የሲሊከኑ ገጽ ቆሻሻ ነው፤ የተሰበሩ የአቶም ማያያዣዎች ኤሌክትሮኖችን እየያዙ መስኩ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይጋርዳሉ። አታላ ሲሊከኑን በጋለ ምድጃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ፊቱ ላይ ስስ የመስታወት ሽፋን እንዲያበቅል አደረገ። ሽፋኑ ገጹን ፈወሰው። ካንግ ደግሞ በዚያ ሽፋን ላይ መክፈቻውን፣ ጌት የሚባለውን፣ አስቀመጠና መሣሪያውን ሠራው፤ በ1960ም ፒትስበርግ ላይ በተደረገ ጉባኤ ለሙያው ሰዎች አሳዩ። ዛሬ ሞስፌት ይባላል። ኪሳችሁ ውስጥ ባለው ስልክ ብቻ በቢሊዮን የሚቆጠር አለ። ሰው ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ በብዛት ይህን የሚስተካከል የለም።

ቤቱ ግን አልተደነቀም። ከነበሩት ትራንዚስተሮች ይዘገያል፣ ጠባዩም አይጨበጥም ተባለና ጉዳዩ ተገፋ። አታላ ብዙ ሳይቆይ ለቅቆ ሄደ። (ኋላ ላይ ባንኮች የሚስጥር ቁጥር የሚጠብቁበትን መሣሪያ የሠራ እሱ ነው። ኤቲኤም ፊት ቆማችሁ አራት አኃዝ ስትመቱ አስታውሱት።) የእነሱን ሐሳብ ይዘው የከበሩት ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው። ፓተንቱም ቢሆን የካንግ አልነበረም። ተቀጣሪ በሥራው ላይ የፈለሰፈው የአሠሪው ነው፤ በእኛም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ደንቡ ይኸው ነው። ካንግ አላኮረፈም፤ ወይም አኩርፎ ከሆነም ሥራውን አላቆመም። እዚያው ቤል ላብስ 29 ዓመት ያህል ቆየ።

አሁን ወደ ሚሞሪዋ ልምጣ። በ1967 ካንግ ሳይመን ዚ ከሚባል የሥራ ባልደረባው ጋር ምሳ ይበላል። ዚ ናንጂንግ ተወልዶ ታይዋን ያደገ ሰው ነው። ዚ በኋላ ሲያወራ እንደኖረው፣ ከምሳ በኋላ የቀረበው ኬክ ላይ የቸኮሌቱና የአይቡ ንብርብር ነገሩን አመጣው፤ መሣሪያቸው ላይ አንድ ንብርብር ቢጨምሩስ? ማለትም ከጌቱ በታች፣ ሙሉ በሙሉ በማያስተላልፍ ሽፋን የተከበበ፣ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ ሌላ ጌት። በር የሌለው ክፍል ማለት ነው። ተንሳፋፊ ጌት ብለው ጠሩት።

ሕግ ለተማረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባል፤ እስር ቤት ነው። ከላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስትሰጠው ኤሌክትሮኖች ሽፋኑን አቋርጠው ክፍሉ ውስጥ ይገባሉ። ቮልቴጁን ስታነሳ መውጫ የላቸውም። መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪ ቢነቀል፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ቢረሳ፣ እስረኞቹ እዚያው ናቸው። እስረኛ ያለበት ትራንዚስተር ለመከፈት ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፣ ባዶው አይጠይቅም። ይህ ልዩነት ይነበባል፤ እስረኛ ካለበት 0፣ ባዶ ከሆነ 1። ከ0 እና ከ1 ደግሞ ፊደልም ዜማም የሰው ድምፅም ይጻፋል። ያኔ የነበረው የኮምፒዩተር ሚሞሪ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች በሽቦ እየተሰፉ የሚሠራ ነበር፤ ውድና ግዙፍ። ካንግና ዚ ጽሑፋቸውን በዚያው ዓመት በቤል ላብስ የሙያ መጽሔት አወጡት። የመጀመሪያው ናሙናቸው እስረኞቹን ለረጅም ጊዜ መያዝ አልቻለም ነበር፤ ሽፋኑ በጣም ስስ ነበርና ያመልጡ ነበር። ቤቱም እንደ ልማዱ ይህ ለምን ይጠቅማል ብሎ አለፈው።

ለገበያ ያበቃው ሌላ ቤት ነው። በ1968 በተቋቋመው ኢንቴል ውስጥ ዶቭ ፍሮማን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበረ። አምስተርዳም ተወልዶ፣ ወላጆቹን በናዚዎች አጥቶ፣ የሆላንድ ገበሬዎች ደብቀው ያተረፉት ልጅ ነው። ጠባያቸው የተበላሸ ቺፖችን ሲመረምር ነው ሐሳቡ የመጣለት። ወፍራም ሽፋን ተጠቅሞ፣ ኤሌክትሮኖቹን አስቀድሞ በኃይል አፍጥኖ እንዲዘሉ አደረገ፤ በ1971ም ኢፕሮም የተባለውን ቺፕ ይዞ ብቅ አለ። የመጀመሪያው 1702 ይባላል፤ 256 ፊደል ብቻ የሚይዝ። ከዚያ በፊት ማሽን የሚመራው ፕሮግራም ቺፑ ሲመረት አብሮ ይቀረጻል፤ አንዲት ስህተት ከተገኘች ሁሉም ይጣልና ፋብሪካ እንደገና ሳምንታት ይጠበቃል። ኢፕሮም ግን ተጽፎ፣ ተሞክሮ፣ ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል። ያው ኩባንያ በዚያው ዓመት ማይክሮፕሮሰሰር አወጣና ሁለቱ ተጋቡ። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለኢንቴል እንደ ኢፕሮም ትርፍ ያስገኘ ምርት አልነበረም። ፍሮማን በዚህ ሁሉ መሐል ሥራውን ትቶ ጋና፣ ኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያስተምር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

እኔ ኢፕሮምን በዓይኔ ያየሁት በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መርካቶ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ወዳጄ ጋ ነው። ሃያ ምናምን እግር ያለው ጥቁር በረሮ የመሰለ ነገር፤ ጀርባው ላይ ክብ መስኮት። መስኮቱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ለማየት ብዬ ስልጣት ወዳጄ እጄን መታኝ። ለካ መስኮቱ ከኳርትዝ የተሠራ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፋል። ቺፑን ለመሰረዝ 253.7 ናኖሜትር ጨረር በሚሰጥ መብራት ሥር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡታል። ጨረሩ ለኤሌክትሮኖቹ ሽፋኑን የሚዘሉበት ጉልበት ይሰጣቸውና ሁሉም ይወጣሉ። የፀሐይ ብርሃንም ቀስ እያለ ያንኑ ያደርጋል። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ሳምንት ያህል፣ በቢሮ ፍሎረሰንት መብራት ሥር ደግሞ ሦስት ዓመት ያህል ቢቆይ እንደሚጠፋ አምራቾቹ ያስጠነቅቁ ነበር። ወረቀቷ የምትለጠፈው ለዚህ ነው።

ሕግ ትምህርት ቤት ይቅርታና ምህረት የተለያዩ ናቸው ብለው አስተምረውናል። ይቅርታ ለአንድ ፍርደኛ ይሰጣል፤ ምህረት ግን በአዋጅ ለሁሉም ነው። የኢፕሮም መብራት ምህረት ነው፤ አንዱን ለይቶ መፍታት አይችልም። አንዲት ፊደል ለማረም ሁሉንም መፍታት፣ ከዚያ ሁሉንም መልሶ ማሰር ግድ ይላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ የሚፈታው ዓይነት መጣ፤ ያ ይቅርታ ነው። በ1984 ደግሞ ቶሺባ ውስጥ የሚሠራው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ፍላሽ የተባለውን ይፋ አደረገ፤ በየክፍሉ፣ በጅምላ፣ ግን ያለ መስኮትና ያለ መብራት የሚሰረዝ። የጋሼ ድምፅ ያለባት ካርድ የዚህኛው ልጅ ናት። የዛሬ አዳዲስ ቺፖች ብዙዎቹ ተንሳፋፊውን ጌት በሌላ ቻርጅ በሚይዝ ሽፋን ተክተውታል። መሠረቱ ግን ያው የ1967ቱ ኬክ ነው።

ካንግ በ1988 ከቤል ላብስ ወጥቶ ኤንኢሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኒው ጀርሲ ላይ ያቋቋመው የምርምር ተቋም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በጃፓን ቅኝ ግዛት የተወለደው ልጅ በጃፓን ኩባንያ የምርምር ቤት ላይ ተሾመ ማለት ነው፤ ምን እንደተሰማው ባውቅ ደስ ባለኝ። ብዙ አልቆየም። ሜይ 13 ቀን 1992 ዋናው የደም ሥሩ ተቀድዶ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሞተ። 61 ዓመቱ ነበር። የፍራንክሊን ኢንስቲትዩት በ1975 ሜዳሊያ ሰጥቶታል፤ ኖቤል ግን አላገኘም። በ2000 የቺፕ ፈልሳፊዎች ሲሸለሙ እሱ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ኖቤል ደግሞ ለሙት አይሰጥም። የአሜሪካ የፈልሳፊዎች የክብር መዝገብ እሱንና አታላን አብሮ ያስገባቸው በ2009 ነው። አታላ ለዚያ ደረሰና በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፈ። የካንግ አገር ደግሞ ዛሬ ከዓለም የሚሞሪ ቺፕ አብዛኛውን ታመርታለች። ካንግ ግን አገሩ ተመልሶ አልሠራም፤ ለእኔ ከሽልማቱ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ተራችን ደረሰ። ወጣቱ ካርዷን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ማንበቢያ ላይ ሰካት። ኮምፒዩተሩ አሰበ፣ አሰበና ሦስት ፋይል አሳየ። እኔ ደስ አለኝ፤ ወጣቱ ግን ፊቱ አልፈታም። ኤሌክትሮኖቹ ለዘላለም አይታሰሩም። አምራቾች ካርድ ሳይነካ ቢቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ይይዛል ይላሉ፤ ሙቀት ያሳጥረዋል፣ ብርድ ያቆየዋል። በዚህ በኩል የሪራ ብርድ ባለውለታችን ነው። ሣጥኑ ግን ምድጃ አጠገብ ነበር የኖረው።

የመጀመሪያው ፋይል ተከፈተ። ጋሼ ነው። ስለ ጅቡቲ፣ ስለ መርከቡ፣ ባሕር ስላስመለሳቸው ወታደሮች ያወራል፤ ይስቃል። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ አማርኛ የማይሰማውም ጭምር። ሁለተኛው ፋይል እየተቆራረጠ ሄደ። በረዶ የሸፈነው ኮረብታ፣ ሌሊት፣ አጠገቡ የወደቀ ጓደኛ። ሬሳውን ተሸክሞ እንደወረደ ይናገራል። ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ውስጥ የሞተባቸውን ሰው ጥለው እንዳልመጡ ሲወራ ሰምቼ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከተሸካሚው አፍ ሰማሁት። ከዚያ የጓደኛውን ስም እንድትነግረው ልጁ ስትጠይቀው፣ ደከመኝ፣ ስሙንና አገሩን ነገ እነግርሻለሁ፣ ዘመዶቹን ትፈልጊልኛለሽ አላት።

ሦስተኛው ፋይል አልተከፈተም።

ወደ ልጅቱ ዞርኩ። በሦስተኛው ማታ ቡና እያፈላች ትወጣ ትገባ ነበር፤ ስልኩ ይቀዳዋል ብላ ልብ ብላ አልሰማችም። ስሙ በመ ይጀምራል መሰለኝ አለች፤ ቆይታ ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም አለች። ወጣቱ ሦስት ጊዜ ሞከረ። ኤሌክትሮን አምልጦ ይሁን ካርዷ ዝጋ ይሁን ለመለየት መሣሪያ የለውም። ሁለቱን ፋይሎች በእሷ ስልክ፣ በእኔ ስልክና በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ገለበጠልን። ለእሱም ለምን እንደሚያስቀምጥ ስጠይቀው አያቱም ወታደር እንደነበር ነገረኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ካርዱን ከፍተው ቺፑን በቀጥታ የሚያነቡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይሰካው አስጠነቀቀኝና በሲጋራ ብራናዊ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

በማግስቱ ጉም ሳይወርድ ሳነቲን ለማለፍ በማለዳ ተነሳን። ካርዷ በደረት ኪሴ ነበረች። አሁን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ።